እግዜር ያጥናዎት፣ አቶ ይበልጣል

አሰፋች የልጅ ልጇ ፍቅር እንደያዛት የደረሰችበት በስልኳ ነው። ኤፍራታ ስልኩን ታነሳለች፣ ታየዋለች፣ ትተነፍሳለች፣ ታስቀምጠዋለች። ሽንኩርት እየላጠች ታየዋለች። ጥርሷን እየፋቀች ታየዋለች። አንድ ቀን እንዲያውም ሽንት ቤት ይዛው ገብታ «አሁንም አልመለሰልኝም» እያለች ለብቻዋ ስታወራ አሰፋች በበሩ ስንጥቅ ሰማች። ጆሮዋን በሩ ላይ የለጠፈችው ሆን ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ባልዲ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ነው። ባልዲው ግን በወዲያ በኩል ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ በሆድ ይዞ መዋል ቃር ያመጣል። አሰፋች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ የመስከረምን ጭቃ እየዘለለች፣ ወደ ጎረቤቷ ወደ አይሻ ሱቅ ወረደች። ሁለቱ አሰላ ውስጥ አጥር ለአጥር ሲኖሩ ዕድሜያቸው አልቋል። አንዷ በገና፣ አንዷ በኢድ ሰሃን ሲለዋወጡ የማን ሰሃን የማን እንደሆነ ጠፍቶባቸዋል።

«አንቺ አይሻ፣ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። ሱቁን ዝጊ።»

«ሱቅ የሚያስዘጋ ነው?»

«ግማሹን ዝጊ።»

አይሻ አንዱን የበር ክንፍ ዘጋችና ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። እሷ ወሬ ስትቀበል ሻሽ ታጠብቃለች።

«ኤፍራታ ወንድ ይዛለች። ስሙ ይበልጣል ነው፤ ስልኳ ላይ ተጽፎ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰውየው ግን ዘግቷታል። ትጽፍለታለች፣ ትጽፍለታለች፣ አይመልስም።»

«ወላሂ? የማን ልጅ ነው?»

«እሱን ገና ነኝ።»

«ሥራስ አለው?»

«አይመልስም እያልኩሽ! ሥራ ፈት ቢሆን ወዲያው ይመልስ ነበር።»

አይሻ ይህ ነገር ልክ ሆኖ ታያት። ሁለቱ ተማከሩና አሰፋች ልጅቷን በቀጥታ እንድትጠይቃት፣ አይሻ ደግሞ የሰውየውን ዘር እንድታጣራ ተከፋፈሉ።

አሰፋች ቤት ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳትሰቅል «ይበልጣል ማነው?» አለቻት።

ኤፍራታ ደነገጠች። ቀጥሎ አያቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የገብሱ ጆንያ ላይ ወድቃ እግሯን እስክታወራጭ ሳቀች።

«እማማ! ሥራ አስኪያጅ እኮ ነው! ሃምሳ ዓመት አልፎታል!»

«እና ምን አለበት? የኔም ባል ትልቅ ሰው ነበር።»

«ሥራ ጠይቄው ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤፍራታ እዚሁ አሰላ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስለ ምግብ ተምራ ጨርሳለች። በሳጉሬ መንገድ ደግሞ አዲስ የወተት ማቀነባበሪያ ሊከፈት ነው፤ ገበሬው የሚያመጣው ወተት ውሃ ገብቶበት ይሁን፣ ከታመመች ላም ይሁን፣ የምትመረምር ሰው ይፈልጋሉ። ኤፍራታ ለቃለ መጠይቅ ቀርባ፣ የጠየቋትን ሁሉ መልሳ፣ አቶ ይበልጣል የሚባለው ሥራ አስኪያጅ «በቅርቡ እናሳውቅሻለን» ብሎ ሸኛት። ያ ቅርብ ራቀ። ኢሜል ላከች፤ ዝም። እንደገና ላከች፤ ዝም። ናዝሬት ያለችው አክስቷ በበኩሏ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ ቦታ አግኝታላታለች፤ ግን ቅዳሜ መጥታ ካልጀመረች ቦታው ለሌላ ሰው ነው። ኤፍራታ ናዝሬትን አትወድም። ሙቀቱ ራሷን ያዞራታል፤ ቀኑን ሙሉ ለሰው ጥርሷን እያሳየች ከምትቆም ወተቷን ብትመረምር ትመርጣለች። ግን ደግሞ እጇ ላይ ያለውን ጥላ፣ ዝም ያለ ሰው ስትጠብቅ ሁለቱንም ብታጣስ?

«ቅዳሜ?» አለች አሰፋች። «የዚህ ሳምንቷ ቅዳሜ?»

«የዚህ ሳምንቷ።»

አሰፋች ተቀመጠች። ልጅቷ ከሄደች ቤቱ ባዶ ነው። ቤቱስ ይሁን፤ የቀኑን ወሬ ማታ ማታ ለማን ልታራግፍ ነው? ለድመቷ? ድመቷ እንደሆነች ወሬው ጣፋጩ ጋ ሲደርስ ተነስታ ትሄዳለች።

«የጻፍሽለትን አንብቢልኝ እስቲ።»

ኤፍራታ ጉሮሯን ጠራረገች። «ክቡር አቶ ይበልጣል፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቀደም ሲል የላክሁትን መልእክት በትህትና ለማስታወስ እወዳለሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎት እረዳለሁ። በሚመችዎት ጊዜ ምላሽዎን እጠባበቃለሁ። በድጋሚ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።»

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ሁለቴ ይቅርታ የጠየቅሽው ለምንድነው? እኔ ብሆን ይቺ ልጅ አንድ ነገር ሰርቃለች ብዬ እደበቅሻለሁ። ደግሞ በሚመችዎት ጊዜ! ሰው መቼ ተመችቶት ያውቃል? እኔ እስከ ዛሬ አልተመቸኝም።»

«እንደሱ ነው የሚጻፈው፣ እማማ። ለምን አልመለስክልኝም ብዬ ልጽፍለት ነው? ነገሩን ቀስ አድርጎ ማስታወስ ነው።»

«ቀስ ማድረጉስ እሺ። ሰላምታው የታለ?»

«ክቡር ብዬዋለሁ።»

«ክቡር ሰላምታ ነው? የቀበሌ ማስታወቂያም ክቡር ይላል!»

እዚህ ላይ አሰፋች እውነት አላት። በአርሲ አገር በሬ ሊዋስ የመጣ ሰው እንኳ በሬውን አያነሳም። አንተ ደህና፣ ሚስትህ ደህና፣ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ዝናቡ፣ ሣሩ እያለ ያመሻል። ጉዳዩን የሚያነሳው ተሰናብቶ፣ የበሩን መቃን ይዞ፣ «ለካስ» ብሎ ነው። እንዲህ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለቱ ያስነውረዋል፤ ዝም ማለቱማ ጭራሽ አይታሰብም።

«ጻፊ» አለች አሰፋች። «ጤና ይስጥልኝ አቶ ይበልጣል። እንዴት ሰነበቱ? ባለቤትዎ እንዴት ናት? ልጆች እንዴት ናቸው? ከብቱ እንዴት ነው?»

«እማማ፣ ከብት የለውም።»

«የወተት ፋብሪካ ከፍቶ ከብት የለውም? ምን ሊያጠጣን ነው?»

«ከገበሬ ነው የሚገዛው!»

«እሺ የገበሬው ከብት እንዴት ነው በይ። አታቋርጪኝ። ጭላሎ ደመናውን ከለበሰ ቆየ፤ ብርዱ ጠንቷል፤ እርስዎም ደራርበው ይልበሱ። ገብሱ ግን እግዜር ይመስገን ያዘ። እኛ ደህና ነን። ለካስ፣ ያቺ የልጅቷ ነገር ምን ደረሰች?»

«ለካስ ብዬ አልጽፍም!»

«ለካስማ ዋናዋ ናት!»

ተጨቃጨቁ። ኤፍራታ ከብቱን አስወጣች፣ አሰፋች መልሳ አስገባች። ደራርበው ይልበሱ የሚለው ወጣ። ጭላሎ ቀረ። ለካስን በተመለከተ ኤፍራታ በመጨረሻ «በዚህ አጋጣሚ» ብላ ቀየረችው፤ አሰፋችም በዚህ አጋጣሚ የሚለው የተማረ ሰው ለካስ መሆኑን ስትረዳ ፈቀደች። ኤፍራታ ዓይኗን ጨፍና፣ የወረቀት አሞራ የምትመስለውን ምልክት በአውራ ጣቷ ነካች። ሽው አለና ሄደ።

«አሁን ይመልሳል» አለች አሰፋች። «ሚስቱን የጠየቁለት ሰው አይዘጋም።»

አልመለሰም። በማግስቱ አልመለሰም፤ ሐሙስም አልመለሰም። አሰፋች በየሰዓቱ «ምን አለ?» ትላለች፤ ኤፍራታ «ምንም» ትላለች። ዓርብ ጠዋት ኤፍራታ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። ልብስ ግን አልከተተችበትም፤ ከፍታ አየችውና ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ፣ ጸጉሯን ልትሠራ ወጣች። ናዝሬትም ብትሄድ፣ ብትቀርም፣ ጸጉር ጸጉር ነው።

አሰፋች እየተብሰለሰለች አይሻ ሱቅ ሄደች። «ገረመኝ እኮ፣ አይሻዬ። ሰው ሥራ ሲጠየቅ ቢዘጋ ይዘጋል። ልጆችህ እንዴት ናቸው ተብሎ ዝም የሚል ምን ዓይነት ፍጡር ነው?»

«ደህና ሰው አይደለም» አለች አይሻ። «ማለቴ፣ ደህና አይደለም። ወይ ታሟል፣ ወይ…»

«ወይ?»

«ወይ ሐዘን ላይ ነው።»

ይህን ሲባባሉ ባጃጅ ነጂው ቱፋ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ቱፋ የአሰላን ሰው ሁሉ የሚያደርስ፣ ስለዚህ የአሰላን ሰው ሁሉ ጉዳይ የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። አይሻ የሥራ አስኪያጁን ቤት እንዲያጣራ የላከችው እሱን ነበር።

«አከም፣ አኮ» ብሎ አሰፋችን በኦሮምኛ ሰላም አላት፤ ለእሱ ሽማግሊት ሁሉ አኮ፣ አያቱ፣ ናት። «ቤቱን አገኘሁት። ግን አሁን እዚያ መግባት የለም። በሩ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ መንገዱን ስለዘጉት በታች ዞሬ ነው የመጣሁ።»

«የምን ድንኳን?»

«የለቅሶ ነዋ።»

«ማን ሞተ?»

«እኔ እንጃ። የሴት ለቅሶ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

አሰፋችና አይሻ ተያዩ።

«ሚስቱ!» አሉ እኩል።

አሰፋች ደረቷን መታች። «ውይ በሞትኩት! እኔ ደግሞ ባለቤትዎ እንዴት ናት ብዬ አስጽፌ! ለካ ሚስቱን እያስታመመ ነው! በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆንኩበት!»

«አላወቅሽም ነበር» አለች አይሻ ልታጽናናት። «ከብቱን መጠየቅሽ ግን ትንሽ…»

«ዝም በይ! ቱፋ፣ እዚሁ ጠብቀን። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልምጣ።»

አሰፋች ቤት ስትገባ ስልኩ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ብቻውን ያበራል። ስልኩ እዚያ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ግን ነበር። መክፈቻውን ታውቀዋለች፤ ኤፍራታ በጣቷ ስትስበው ሰርቃ አይታ ይዛለች። ፊደልም ታውቃለች፤ ድሮ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ያገኘቻትን ያህል። የይበልጣልን ስም ፈልጋ አገኘች፤ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ ጣቷ፣ ዶሮ እንደሚለቅም ፊደል እየለቀመች ጻፈች።

«አቶ ይበልጣል ሰማን። እግዜር ያጥናዎት። ሚስት ክፉ ቀን መደገፊያ ነች። ከብቱ ይቅር። የኤፍራታ ነገር ሐዘኑ በረድ ሲልልዎት ይደርሳል ግን ነገ ቅዳሜ ነው።»

አነበበችው። ደስ አላት። ይህ ነው እንጂ ጨዋ ደብዳቤ! አሞራዋን ነካች። ሽው አለ።

ቱፋ እሷንና አይሻን አሳፍሮ፣ ከጋሪው እየተጋፋ፣ ጉድጓዱን እየዘለለ ድንኳኑ ጋ አደረሳቸው። አሰፋች ለቅሶ ላይ ስሟ የታወቀ ነው። የማታውቀውን ሰው አልቅሳ ዘመድ ያልሆነውን ታስለቅሳለች። ገና ከደጅ ጀመረች።

«ወይኔ! ወይኔ እህቴን! እንደሷ ያለች ሴት! እጇ የማይታጠፍ! ባሏን አንግሣ ያኖረች!»

አይሻም ከኋላዋ «ያረቢ! ያረቢ!» እያለች ተከተለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቦታ ተለቀቀላቸው፤ አይሻ ከሴቶቹ መሃል ስትገባ አሰፋች አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ መነጽር ካደረገ ሰውዬ አጠገብ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት ማን ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ንፍሮ በእፍኟ ተሰጣት። ከበስተግራዋ ያለች አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ ባሏን ያልሽው… ባልየውማ ከሞተ ቆየ እኮ።»

ንፍሮው በአሰፋች ጉሮሮ ላይ ቀረ። ሞተ? ይበልጣልም ሞተ? ለዚህ ነዋ ያልመለሰው! ምስኪን ሰው፣ እሱ አፈር ለብሶ እነሱ «በዚህ አጋጣሚ» እያሉ ይጽፉለታል! እና አሁን ለሞተ ሰው ነው ሚስትህ ሞተች ብላ የላከችው? ልጅቷስ? ሥራውስ? ቅዳሜስ?

ወደ ቀኝ ዞረች። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩን አኮማትሮ አንድ ነገር ያነባል፤ ደግሞ ያነባል።

«ልጄ» አለችው በሹክሹክታ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አቶ ይበልጣል መቼ ነው የሞተው?»

«ማን?»

«ይበልጣል።»

«የቱ ይበልጣል?»

«የወተቱ።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። አሰፋችን አያት። ስልኩን አየ። እንደገና አሰፋችን አያት።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የወተቱ ይበልጣል እኔ ነኝ።»

አሰፋች ክንዱን ጨበጥ አድርጋ ሞከረችው። ሥጋ ነው፤ ይሞቃል።

«ሚስትህስ?»

«ያቻት። ንፍሮ የምታድለው።»

የምስራች የምትባለው ሚስቱ ሰፊ ትሪ ተሸክማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ቀይ ጉንጯ እያበራ በድንኳኑ መሃል ታልፋለች። እንደሷ ያለ ጤነኛ ሰው አሰፋች ከፋሲካ ወዲህ አላየችም።

«ታዲያ ይሄ ለቅሶ የማን ነው?»

«የጎረቤታችን የአቶ ገብረ መድህን እናት ናቸው ያረፉት። ድንኳኑ መንገድ ላይ ሲተከል እኛም በር ላይ ደረሰ።» ስልኩን አዞረላት። «ይሄን የላኩት… እርስዎ ነዎት?»

እግዜር ያጥናዎት፣ ሚስት ክፉ ቀን መደገፊያ ነች፣ ከብቱ ይቅር። አሰፋች የገዛ ፊደሏን አወቀችው። አንድ ቃል ላይ ስህተት አግኝታ አዘነች።

«እኔ ነኝ አልልህም» አለች። «አልሉም። አይ፣ አልልዎትም። ግን እኔ ነኝ።»

ያኔ ኤፍራታ ድንኳኑ በር ላይ ታየች። ግማሽ ጸጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ፣ ስልኳን እንደ ድንጋይ ጨብጣ። ቤት ገብታ የተላከውን አይታ፣ የት እንዳሉ ከቱፋ ሰምታ፣ በባጃጁ በርራ መምጣቷ ነው። አያቷን አየች፤ ከአያቷ ጎን የተቀመጠውን አየች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ልትመለስ ስትል አይሻ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ በክንዷ ያዘቻት።

«ነይ፣ ነይ፣ የኔ ልጅ። አልሞተም። አልሐምዱሊላህ።»

ጎትታ አመጣቻት። ኤፍራታ ከአያቷ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አቶ ይበልጣል» አለች ድምፅዋ እየጠፋ፣ «በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስላስቸገርኩዎት…»

«ደሞ ጀመረች!» አለች አሰፋች። ወደ ሰውዬው ዞረች። ፍርሃቱ ለቋታል፤ ሰው ካልሞተ መናገር ይቻላል። «እንግዲህ ሕያው ከሆኑ ይመልሱልን። ልጄ ጻፈችልዎት። ደግማ ጻፈችልዎት። ሚስትዎን ጠየቅን፣ ከብት ጠየቅን፣ ተራራውን ሳይቀር ነገርንዎት። ምነው?»

አቶ ይበልጣል ንፍሮውን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። ያ ቢሮ ውስጥ በክራባት የሚቀመጥ ሰው፣ ጎረቤቶቹ መሃል ሲሆን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ሁሉንም አንብቤያለሁ» አለ። «የጭላሎውን ለሚስቴም አነበብኩላት። የመረጥነውም እሷን ነው።»

ኤፍራታ ቀና አለች።

«ታዲያ?» አሉ አሰፋችና አይሻ።

«ማሽኑ ገና መርከብ ላይ ነው። ሥራ የሚጀመረው ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ነው። ቆዪ ብላት ሌላ ቦታ ፈልጋ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ማሽኑ ሲደርስ ነይ ጀምሪ እላታለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

አሰፋች መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ካመነችው በኋላ ደግሞ እርስዎ የሚለው ከአፏ ጠፋ።

«እንዳትሄድብህ ብለህ ዘጋሃት? አንተ ሰው! ላም እንዳትሄድ በሩ ይዘጋል እንጂ አፍ ይዘጋል? ነገ ናዝሬት ልትሄድ ነው እኮ!»

«ነገ?»

«ሻንጣው ወጥቷል!»

«ጽፌልዎት ነበር» አለች ኤፍራታ። «ማለት… እማማ ጽፋልዎታለች። ነገ ቅዳሜ ነው ብላ።»

«ምን ቅዳሜ እንደሆነ በምን ልወቅ? ሚስቴ መሞቷን እያነበብኩ!»

አይሻ አፏን በሻሿ ያዘች።

«እስከ ኅዳር መቆየት እችላለሁ» አለች ኤፍራታ። አሁን ድምፅዋ ተመልሷል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ እንደነበረው። «ግን ለአክስቴ አሉኝ ብዬ አልነግራትም። በጽሑፍ ይስጡኝ። አሁን።»

«እዚህ? ለቅሶ ላይ?»

«ስልኩን እንደሆነ አልጣልከውም» አለች አሰፋች።

አቶ ይበልጣል አንገቱን ሰበር አድርጎ መጻፍ ጀመረ። አሰፋች በትከሻው ላይ አሻግራ እየለቀመች ታነባለች።

«ሰላምታ!»

«እማማ፣ አጠገቤ ተቀምጣለች እኮ።»

«ብትቀመጥስ? ሰላምታ ነው።»

መለሰና አስገባ። ትንሽ ሳቅ አለ። ሲጽፍ ቆየ፤ ፈገግ እያለ አንድ ነገር ጨመረ። ከዚያ አሞራዋን ነካ።

ወዲያው የኤፍራታ ስልክ በዚያ ጸጥታ መሃል ጮኸ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዞረ። ልጅቷ ስልኩን ጉያዋ ውስጥ ከታ አፈነችው፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገች፣ አሰፋችና አይሻም ራሳቸውን አብረው ከነጠላው ሥር ከተቱ፤ ሦስቱ በጨለማው ውስጥ አነበቡ።

«ጤና ይስጥልኝ ኤፍራታ። እንዴት ሰነበትሽ? አያትሽ እንዴት ናቸው? የወተት ጥራት መርማሪ ሆነሽ ተመርጠሻል። ሥራሽ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ይጀመራል። ስለዘገየሁ ይቅርታ። የገበሬው ከብት ደህና ነው። ባለቤቴ ደህና ናት። እኔም እስከዚህ ሰዓት ድረስ አልሞትኩም። ከአክብሮት ጋር፣ ይበልጣል።»

መጀመሪያ የሄደችው አይሻ ናት። ከአፍንጫዋ አንድ ነገር ፈነዳ። ኤፍራታ «እማማ፣ እንዳትስቂ» አለች፤ ይህ ቃል ራሱ አሰፋችን ገደላት። ሆዷን ያዘች። ጥርሷን ነከሰች። ለቅሶ ቤት መሳቅ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ባሰበች ቁጥር ሳቁ ይብስባታል። ሦስቱም ከነጠላው ሥር ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ እንባቸው ይወርዳል፣ «እህህህ!» የሚል ድምፅ ይወጣቸዋል።

«ተዉ፣ ተዉ፣ አይዟችሁ» አለች ያቺ የበስተግራዋ አሮጊት ጀርባቸውን እያሻሸች። «እንዲህ አይሁን። ሥጋችሁን አትጉዱ።»

የምስራች ትሪዋን አስቀምጣ ውሃ ይዛ መጣች። «ጠጡ፣ እናቶቼ፣ ጠጡ» ስትል አሰፋች ሞታለች ያለቻትን ሴት አሻቅባ አየቻትና እንደ አዲስ ወደቀች። አቶ ይበልጣል ተነስቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያዩት ወንዶች «ሆደ ቡቡ ነው» አሉ።

በመጨረሻም ሐዘንተኛው አቶ ገብረ መድህን ራሱ መጥቶ ፊት ለፊታቸው በርከክ አለ።

«እናቴን ይህን ያህል የሚወዳት ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር» አለ። «አታልቅሱ። ዕድሜ ጠግባ ነው የሄደችው። እሷም ሳቅ ነበር የምትወደው።»

«ያስታውቃል!» አለች አሰፋች ከነጠላው ሥር፣ እንባዋን እየጠረገች። «ሣልስቷን እንመጣለን!» የምሯን ነበር። እንዲህ የሳቁበት ለቅሶ እዳ አለው።

ኤፍራታ እዚያው ጨለማ ውስጥ ናዝሬት ላለችው አክስቷ መጻፍ ያዘች። አሰፋች አንገቷን አስግጋ አነበበችው።

«አክስቴ፣ ነገ አልመጣም። ለቅሶ ቤት ነኝ። በጣም ደስ ብሎኛል።»

አክስቷ ወዲያው መለሰች።

«ማን ሞተ?»